ጠበሉና ክኒኑ፤ ሰው እያወቀ ጤናውን ለአደጋ ስለሚሰጥበት ምክንያት

ጤናውን የማይወድ ሰው የለም። ነገር ግን ጤናውን የሚወደው ይህ ሰው ራሱ፥ የሚጐዳውን ነገር እያወቀ ሲያደርግ፥ የሚጠቅመውንም ነገር እያወቀ ሲተው በየቀኑ እናያለን። ሐኪሙ ጨው ቀንስ ያለው ሰው ጨው ያበዛል፤ ሳልህ ሁለት ሳምንት ካለፈ ተመርመር የተባለው ሰው እስከ ሦስት ወር ይስላል፤ ክኒን በየቀኑ ዋጥ የተባለውም ክኒኑን ጥሎ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «አላዋቂ ነው» ወይም «ልበ ደንዳና ነው» ብሎ ፈጥኖ ይፈርዳል። ፍርዱ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው።

እኔ ከሃያ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ በችሎት ጽሕፈት ሥራ ስለ ኖርሁ፥ ተከሳሽ ቃሉን ሳይሰጥ ነገር እንዳይቈረጥ ለምጃለሁ። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ዐምድ፥ መድኃኒቱን ጥሎ የሄደውን ሰው ቃል እንስማ። ለዚህም ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ሩቅ አይደለም፤ በራስጌያችን ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ የሆነው ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አገራችን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ስለ ቦታው

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ፥ በስተ ምሥራቅ ከየካ ተራራ ጋር ተያይዞ እስከ ኮተቤ በላይ ይደርሳል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ተነሥቶ ሽቅብ የሚሄድ ሰው፥ በባሕር ዛፍ መካከል አልፎ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ይወጣል። በዚያ የጧቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የማገዶ እንጨት ተሸክመው ቍልቍል የሚወርዱ ሴቶችና፥ ጠበል ለመጠመቅ ሽቅብ የሚወጡ ሕመምተኞች በአንዱ መንገድ ይተላለፋሉ።

ተራራው ከጤና ነገር ጋር ያለው ዝምድና ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው የፍል ውሃውን ሙቀት ስለ ወደዱት፥ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ በፍል ውሃው አጠገብ ተቈረቈረች። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት ግን እዚያው ላይ በእንጦጦ ማርያም ነው። እንግዲህ የከተማችን መሠረት ራሱ ለሰውነት የሚስማማ ውሃ ፍለጋ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ደግሞም ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቍስለኛውን አከሙ። ያም ሥራ ለምኒልክ ሆስፒታል መነሻ ሆነ፤ ይህም በ1902 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው ሆስፒታል ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ሕዝብን ያገለግላል።

ስለዚህ የየካና የእንጦጦ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሁለት መድኃኒት ቤት አለው፤ ከላይ ጠበሉ፥ ከታች ሐኪም ቤቱ። ልጁ የታመመበት አባት ጧት ከጠበሉ፥ ከሰዓት በኋላ ከሐኪሙ ዘንድ ቢሄድ የሚያስደንቀው ሰው አልነበረም። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል ይገባል የሚል አሳብ የጠነከረው በቅርብ ዘመን ነው።

አሳቡ እንዴት እንደ ጠነከረ

የኤች አይ ቪ ተዋሲ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ከተወሰደ ደም ነው፤ የኤድስ ሕመምተኞችም መጀመሪያ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሐኪሙ ለሕመምተኛው የሚሰጠው ነገር አልነበረም። ሳንባ ነቀርሳውን ያክማል፥ ተቅማጡን ያቆማል፤ ዋናውን በሽታ ግን አይነካውም። ብዙውን ሰው «ወደ ቤትህ ሂድ» ብሎ ያሰናብተው ነበር።

ሐኪም ቤት ያሰናበተውን ሰው ተራራው ተቀበለው። በሺህ የሚቈጠሩ ሕመምተኞች ወደ እንጦጦ ጠበል ወጥተው፥ በዙሪያው ባሉት ቤቶች ትንንሽ ክፍል እየተከራዩ ተቀመጡ። በሌሊት ተነሥተው በባዶ ሆድ ይጠመቃሉ፥ ይጠጣሉ፤ ቆሎ ቈርጥመው ይውላሉ፤ ሱባዔ ይገባሉ። በሰፈሩ የከሳ ሰውነቱን ለመሸፈን ነጠላውን እስከ ዐይኑ ይከናነብ የነበረ ሰው፥ እዚያ እንደ እርሱ የከሱ ብዙ ሰዎችን አገኘ። «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ «እግዜር ይማርህ» የሚለው ግን ብዙ ነው። አከራይ ያስወጣት ሴት ክፍል የምትካፈላት እኅት አገኘች። ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል። ተራራው ለእነዚህ ሰዎች ውሃ ብቻ አልሰጣቸውም፤ ጎረቤት፥ ስምና ተስፋ ሰጣቸው። በዚያን ጊዜ ሌላ መድኃኒት አልነበረምና ወደዚያ የወጣ ሰው ሞኝ ሊባል አይገባውም።

ኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ተዋሲውን የሚያግድ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. በገንዘብ መሰጠት ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ ያለ ዋጋ መታደል ጀመረ። ደሃው ሰው በገንዘብ የማያገኘው ነገር በነጻ በእጁ ገባ። ዳሩ ግን በዚያ ሰዓት በተራራው ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣ። አንዳንዶቹ አጥማቂዎች «ክኒን በኪስ ይዞ ወደ ጠበል መግባት እምነት ማጉደል ነው» አሉ። ሌሎቹ አልከለከሉም። ነገር ግን የከለከሉት ቃል ካልከለከሉት ቃል ይልቅ በሕመምተኛው ልብ ውስጥ ጠልቆ ገባ፤ ብዙዎችም መድኃኒታቸውን አቋረጡ።

ማቋረጡ ለምን አደገኛ እንደ ሆነ በአጭሩ እንግለጥ። መድኃኒቱ ተዋሲውን እንዳይባዛ አስሮ ይይዘዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያወጣውም። ሰውየው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ የታሰረው ይፈታል፤ በጥቂት ሳምንታትም ውስጥ በደም ውስጥ ይበዛል። ሰውየው ግን በዚያን ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ይልቁንም ደኅና ነኝ ይላል። ተዋሲው ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁትን የደም ሕዋሳት በዝምታ እየጨረሰ ሄዶ፥ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ሳንባ ነቀርሳው ወይም ሌላው በሽታ ይገባል። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የተባለው ይህ ነው። አንድ ቀን እየወሰዱ ሌላ ቀን እየተዉ መቀጠል ደግሞ ሌላ ክፉ ነገር አለበት፤ ተዋሲው መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያ መድኃኒትም ከዚያ ወዲያ አይሠራም።

አራቱ ጥያቄዎች

ሰው ይህን እያወቀ ስለ ምን ያቋርጣል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያግዘን በሌላ አገር፥ በሌላ በሽታ የተደረገ ምርመራ አለ። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳን ለማወቅ ደረት የሚያነሣ መሣሪያ በመኪና ጭኖ እስከ ሕዝቡ ሰፈር ድረስ ወሰደ። ሆኖም ብዙ ሰው ለመመርመር አልመጣም። ጎድፍሬይ ሆክባም፥ ኧርዊን ሮዘንስቶክና ባልደረቦቻቸው «የማይመጣው ስለ ምን ነው?» ብለው መረመሩ። ያገኙትም ነገር፥ ሰው ስለ ጤናው ሲቈርጥ በልቡ አራት ጥያቄ ይጠይቃል የሚል ነው። ይህ በሽታ እኔን ያገኘኛልን? ቢያገኘኝስ ምን ያህል ከባድ ነው? አድርግ የተባልሁት ነገር በእውነት ይጠቅመኛልን? ባደርገው ምን ያስከፍለኛል? የአራቱም መልስ ተመዛዝኖ፥ ከዚያም በላይ «አሁን ተነሥ» የሚል አንድ ቀስቃሽ ነገር ሲመጣ፥ ሰው ይነሣል። እኛ አዋቂዎች ነን የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ስለ በሽታው ክብደት ብቻ እንሰብካለን፤ ስለ ዋጋው አንጠይቅም።

የእንጦጦውን ሰው በእነዚህ አራት ጥያቄዎች እንመዝነው።

መጀመሪያ፥ በሽታው ያገኘኛልን? የሚለው ነው። ክኒኑን ለስድስት ወር የወሰደ ሰው ሥጋው ይመለሳል፥ ፊቱ ይቀላል፥ ወደ ሥራው ይገባል። ደኅና ያደረገው ክኒኑ እንደ ሆነ ዐይኑ አያይም፤ ዐይኑ የሚያየው ደኅና መሆኑን ነው። ደኅና ለሆነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? ስለዚህ መድኃኒቱ ባማረ ቍጥር እንዲተው የሚያደርግ ምክንያትም አብሮ ያምራል። የደም ብዛትና የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎችም የሚያቋርጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛ፥ ከባድ ነውን? የሚለው ነው። በዚህስ ሰውየው አልተሳሳተም፤ ከባድነቱን ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ወንድሙን ቀብሯል። ዳሩ ግን ፍርሃት ያለ መውጫ መንገድ ሲበዛ ሰውን አያነሣውም፥ ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠም ሰው ዐይኑን ይጨፍናል። በዚያ ዘመን በየግድግዳው የተለጠፈው የአጽም ሥዕል ብዙ ሰው እንዲመረመር ከማድረጉ ይልቅ፥ የታመመው እንዲደበቅ አድርጓል።

ሦስተኛ፥ ይጠቅመኛልን? የሚለው ነው። ሐኪሙ «ዕድሜህን ሙሉ ትወስደዋለህ፤ አያድንህም፥ ያቆይሃል» ይለዋል። ይህ እውነተኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ ቃል ነው። በተራራው ላይ ደግሞ «ፈጽመህ ትድናለህ» ይሉታል። ከሁለቱ ቃሎች የትኛው ለታመመ ጆሮ እንደሚጣፍጥ አንባቢ ይፍረድ። ከዚህም በላይ፥ ክኒኑን መያዝ ጥርጥር፥ መጣሉ ግን እምነት ነው ከተባለ፥ ሰውየው የሚመርጠው በመድኃኒትና በመድኃኒት መካከል መሆኑ ይቀርና፥ በታማኝነትና በክሕደት መካከል ይሆናል። ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው በእንዲህ ያለ ምርጫ ላይ ከቆመ፥ ክኒኑን የጣለው ጤናውን ስለ ናቀ አይደለም፤ ከጤናው የሚበልጥ ነገር እንዳያጣ ስለ ፈራ ነው።

አራተኛ፥ ምን ያስከፍለኛል? የሚለው ነው። ክኒኑ በነጻ ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ይህን ዋጋ ከችሎት ወረቀት አውቀዋለሁና አንድ ነገር ልናገር፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ መለያቸውን ሁሉ ሰውሬዋለሁ።

አንዲት ሴት «ባለቤቴ ከእኔ የሚሰውረው ነገር አለው፤ በየወሩ የት እንደሚሄድ አይነግረኝም» ብላ የፍቺ አቤቱታ አቀረበች። ለማስረጃም ጽሑፉ የተላጠ፥ ሲነቃነቅ ድምፅ እንዳይሰጥ ጥጥ የተወተፈበት የመድኃኒት ዕቃ ከባሏ ሣጥን ማግኘቷን ገለጠች። ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ተመራ። በሽማግሌዎቹ ፊት ባልየው መድኃኒቱ የምን እንደ ሆነ ተናግሮ አለቀሰ። ሴቲቱ ግን ተቈጥታ በመነሣት ፈንታ ዝም አለች፤ ቈይታም እርስዋ ራስዋ ያንኑ መድኃኒት ለሁለት ዓመት በሽሮ ዕቃ ውስጥ ደብቃ ስትወስድ እንደ ነበረች፥ ወደ እንጦጦ ለሱባዔ በወጣች ጊዜ ግን አንድ ክፍል የሚካፈሏት ሴቶች እንዳያዩባት ብላ እንዳቋረጠች ተናገረች። ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱን በሽታ፥ በአንዱ መድኃኒት፥ እርስ በርሳቸው ተሸሽገው ያክሙ ነበር። አቤቱታው ተነሣ።

እንግዲህ የክኒኑ ዋጋ ይህ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ «ባሌ ያውቅብኝ ይሆን? አከራዬ ያስወጣኝ ይሆን? በዕድሩ ዘንድ ስሜ ይነሣ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ተጠቅልሎበት ይዋጣል። ይህ ዋጋ በበዛበት ቤት መድኃኒቱ ቢረሳ፥ ቢጣል፥ ቢቋረጥ ምን ያስደንቃል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ምሳሌው ደባቂውን ይወቅሳል፤ እንዲደብቅ ያደረገውን ሰፈር ግን ሳይወቅስ ያልፋል።

አንድ ቃል ከታመነ አፍ ሲወጣ

ይህ ችግር በምን ተቃለለ? በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት፥ በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውንና ምእመናን ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ በሕዝብ ፊት ተናገሩ። ሐኪሞች ይህንኑ ቃል አስቀድመው ሲናገሩ ኖረዋል። ነገር ግን የሐኪሙ ቃል የሦስተኛውን ጥያቄ ቋጠሮ ሊፈታ አይችልም ነበር፤ ቋጠሮው ስለ ክኒን አልነበረምና፥ ስለ ሃይማኖት ነበር። የሃይማኖትን ጥርጥር የሚፈታው የሃይማኖት አባት ነው።

ትምህርቱም አዲስ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም እንዲከበር፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ ፈጣሪ መሆኑን ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስም ንጉሡ ሕዝቅያስ ጸሎቱ እንደ ተሰማለትና እንደሚድን ከነገረው በኋላ፥ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዝዟል። ጸሎቱ ከተሰማ በለሱ ለምን አስፈለገ ብሎ ንጉሡ አልተከራከረም።

የታመነ አፍ ግን ለክፉም ያገለግላል። በዚያው በ1999 ዓ.ም. በጥር ወር በምዕራብ አፍሪቃ የጋምቢያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ያህያ ጃሜ «ኤድስን በቅጠልና በጸሎት እፈውሳለሁ» ብለው ዐወጁ። ሕመምተኞች ተሰብስበው በአንድ ስፍራ እንዲቀመጡና የሐኪም ቤቱን መድኃኒት እንዲተዉ ተደረገ። ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ሰውየው በ2009 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፥ በ2010 ዓ.ም. ከሞት የተረፉት ሦስት ሰዎች በአገራቸው ፍርድ ቤት ከሰሷቸው። ሁለቱን አገሮች አንድ ላይ ስናይ የምንማረው ይህ ነው፤ ሕዝብ የሚሰማው የሚያምነውን ነው፤ ስለዚህ የታመነ ሰው የሚናገረውን ቃል ከሐኪም ይልቅ ሊመዝነው ይገባል።

ከፓትርያርኩ ቃል በኋላ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ማለት አይደለም። እስከ ዛሬም ድረስ በየጠበሉ ቦታ «ክኒኑን ተወው» የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን ቀድሞ በሁለት ታማኝነት መካከል የተሰቀለው ሕመምተኛ፥ «አባታችን ፈቅደዋል» ብሎ የሚቆምበት መሬት አገኘ። የተዋሲው ስርጭትም ቀንሷል። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ኢትዮጵያውያን ከመቶው 1.4 የሚሆኑት ተዋሲው ነበረባቸው፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ወደ 0.9 ወርዷል። ዳሩ ግን በዚያው ጥናት የአዲስ አበባ ድርሻ ከመቶው 3.4 ነበረ፤ በመላው አገርም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በርትቶ ተገኝቷል። ነገሩ አልቋል ብሎ መዘንጋት አራቱን ጥያቄዎች እንደ ገና በስሕተት መመለስ ነው።

ዛሬ ሊታወቅ የሚገባው

ስለ መድኃኒቱ ያለው እውቀት ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍቷል። ቀድሞ ሰው እስኪዳከም ይጠበቅ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተዋሲው የተገኘበት ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር መድኃኒቱን ይጀምር ብሎ መከረ፤ አገራችንም ይህንኑ ሥርዐት ተቀብላለች። ብዙው ሕመምተኛ ዛሬ የሚወስደው በቀን አንድ ፍሬ ነው።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በ9 አገሮች በሚኖሩ 1,763 ጥንዶች ላይ የተደረገ ትልቅ ምርመራ ውጤቱ ተገለጠ። ከጥንዶቹ አንዱ ተዋሲው ያለበት፥ ሌላው የሌለበት ነበሩ። መድኃኒቱን ቀድሞ የጀመረው ሰው፥ ዘግይቶ ከጀመረው ጋር ሲነጻጸር፥ ለትዳር ጓደኛው ማስተላለፉ ከመቶው 96 እጅ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎችም፥ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ተዋሲው በደም ምርመራ የማይታይለት ሰው፥ በሩካቤ ሥጋ ለጓደኛው እንደማያስተላልፍ አጽንተዋል። እናት ያለ መድኃኒት ከሆነች፥ በእርግዝና፥ በወሊድና በጡት ወራት ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ተዋሲውን ይወርሳሉ፤ እናቲቱ በሥርዐት ከታከመች ግን ይህ ቍጥር ከ5 በታች ይወርዳል። እንግዲህ ያ በሽሮ ዕቃ ውስጥ የተደበቀ ክኒን የአንዲት ሴት ብቻ መድኃኒት አይደለም፤ የባሏና ገና ያልተወለደ ልጇም መድኃኒት ነው።

ሕጉንም ማወቅ ይረዳል። የሥራ ሕጋችን ሠራተኛ እንዲያደርገው ከሚጠየቀው የጤና ምርመራ የኤች አይ ቪን ምርመራ ለይቶ አውጥቶታል። እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ከመመርመር የሚሸሽ ሰው ይህን ይወቅ፤ ጎረቤቱም ይንገረው።

ለቤተሰብ የቀረበ ምክር

ከዚህ ሁሉ በኋላ በየቤታችን ምን ማድረግ እንችላለን? ጥቂቱን እነሆ።

አንደኛ፥ በቤታችሁ የታመመ ሰው ወደ ጠበል እሄዳለሁ ቢል አትከልክሉት፥ አትዘብቱበትም። የከለከላችሁት እንደ ሆነ ተሰውሮ ይሄዳል፤ ተሰውሮ የሄደም መድኃኒቱን ይተዋል። ይልቁንም ለሱባዔው ቀን የሚበቃውን መድኃኒት ከሐኪም ቤቱ አስቀድሞ ይቀበል፤ ስንቁንና ክኒኑን አብራችሁ ቋጥሩለት። ስለ ጾሙ ደግሞ በስንት ሰዓት ቢወስደው እንደሚሻል ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሰዓት ይለወጣል እንጂ መድኃኒት አይቋረጥም።

ሁለተኛ፥ የንስሐ አባቱን አማክሩ። «ልጄ፥ ጠጣም ዋጥም» የሚል አንድ ቃል ከእርሳቸው ቢወጣ፥ ከእናንተ አንድ መቶ ቃል ይበልጣል። በሌላ ሃይማኖትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ የታመነውን ሰው ፈልጉ።

ሦስተኛ፥ ሰውየውን «ለምን ተውህ?» ብላችሁ አትውቀሱት፤ «ምን ከበደህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ዝምታ ነው፤ የሁለተኛው መልስ ግን ነገሩን ያወጣዋል። ምናልባት የከበደው የመኪና ዋጋ ይሆናል፤ ምናልባት በሐኪም ቤቱ ደጅ የሰፈር ሰው ማግኘቱ ይሆናል፤ ምናልባት ክኒኑ ሌሊት ሕልም ያበዛበት ይሆናል። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ መድኃኒት ይለወጣል፥ ሐኪም ቤት ይዛወራል፥ የሚያመላልስ ይገኛል።

አራተኛ፥ በቡና ላይ የምንናገረውን እንጠንቀቅ። «እገሊትን አያችኋት እንዴት እንደ ከሳች?» የምንለው ቃል ከሲኒያችን ጋር የሚያልቅ ይመስለናል። ነገር ግን በዚያ ጀበና ዙሪያ መድኃኒቷን የደበቀች ሴት ተቀምጣ ይሆናል፤ ቃሉን ሰምታ «እኔም እንዲህ እባላለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ትገባለች፤ በሚመጣው ወር ቀጠሮዋን ትቀራለች። ያንን ቀጠሮ ያስቀራት የእኛ ቡና ነው።

አምስተኛ፥ ደኅና መሆን የመድኃኒቱ ፍሬ እንጂ መድኃኒቱን የመተዊያ ፈቃድ እንዳይደለ ልጆቻችንን እናስተምር። ይህ ትምህርት ለኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በሁለት ወር ሳሉን ቢያቆመውም እስከ ስድስተኛው ወር ይወሰዳል፤ የደም ብዛት መድኃኒትም ራስ ምታቱ ጠፋ ተብሎ አይቋረጥም።

የሚገርመው ነገር፥ እንጦጦ ላይ ሰውን ከሐኪም ቤት ይልቅ የሳበው ውሃው ብቻ አለመሆኑ ነው። በዚያ ሰው ሳይጠየቅ የሚቀበለው ሰው ነበረ። ሐኪም ቤቶቻችን፥ ዕድሮቻችን፥ ማኅበሮቻችንና ቤቶቻችን ይህን ከተራራው ሊማሩ ይገባቸዋል። ከተዋሲው ጋር የሚኖሩ ሰዎች ማኅበር አቁመው ለሌሎች መመስከር በጀመሩ ጊዜ፥ ከሐኪሙ ቃል ያልተነሣው ብዙ ሰው ከእነርሱ ቃል ተነሥቷል፤ እርሱን የሚመስል ሰው በሕይወት ቆሞ አይቷልና።

«ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውን የአባቶች ቃል ለደስታና ለኀዘን ቀን ብቻ እንዳናደርገው። ክኒኑን የሚሠራው ፋብሪካ ነው፤ ክኒኑ በየማታው እንዲዋጥ የሚያደርገው ግን ከአጠገብ ውሃ ይዞ የሚቆም ሰው ነው። ዛሬ ማታ በቤታችን ውስጥ መድኃኒቱን ተሸሽጎ የሚውጥ ሰው ካለ፥ ነገ ማታ በፊታችን የሚውጥበትን ቤት እናዘጋጅለት።